ከግርጌ መቁረጥ

ጃንዋሪ 14

ክፍሉ ስገባ ልጆቹ ጸጥ አሉ። አስተማሪዋ መስያቸው ነው። የኋላ ወንበር ስይዝ አንዱ ጓደኛውን በክርኑ ነካ አድርጎ ወሬውን ቀጠለ።

ትምህርቱ «የእንግሊዝኛ ሰዋስውና ሥነ ጽሑፍ ለዕጩ መምህራን» ይባላል። በጥሩ ውጤት ካለፍኩት በመጪው ዓመት መጀመሪያ አንድ ትምህርት ቤት ለልምምድ ይመድቡኛል፤ ከዚያ መምህር እባላለሁ። ካላለፍኩ ምን እንደምባል አላውቅም። ጋዜጣችን የእርማት ክፍሉን ዘግቶ ሥራውን ሌላ ክፍለ ግዛት ላሉ ሰዎች ከሰጠ ወዲህ፣ ዱሉዝ ከተማ ውስጥ ዓረፍተ ነገር የሚያቃና ሰው የሚፈልግ የለም።

አስተማሪው ብራንድቮልድ ይባላል። ልጄ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው። ከዓመታት በፊት ለጋዜጣው የመጽሐፍ ሒስ ይልክ ነበር፤ ያረምኩለት እኔ ነኝ። ስሜን ሲጠራ አላስታወሰኝም።

ጃንዋሪ 23

ሰዋስው። እዚህ ላይ የሚያክለኝ የለም። መኩራቴ አይደለም፤ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሙያ ነው። ልጆቹ ባለቤቱን ከተሳቢው አይለዩም። ብራንድቮልድም ነካ ነካ አድርጎ አለፈው። «ሰዋስው ፖሊስ አይደለም» አለ። እንዲህ የሚለው ቤቱ ተዘርፎ የማያውቅ ሰው ነው።

ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ አይሊ ካንጋስ ትባላለች። ከላይ፣ ከብረት ማዕድኑ አገር የመጣች ናት። አባቷ የማዕድን ከባድ መኪና ሲነዳ ነው የሞተው አሉ። እሷም እንደኔ መምህር መሆን ትፈልጋለች፤ በመጪው ዓመት ልምምድ ከወጣች ከቤተሰቡ የመጀመሪያዋ ትሆናለች።

«ወይዘሮ ኬትልሰን፣ ማሰሪያ አንቀጹ የቱ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ፈልጊው።»

«ፈለግኩት እኮ። ተደብቋል።»

«ግሥ አይደበቅም። የሚደበቀው ሰው ነው።»

ሳቀችና ደብተሯ ላይ ጻፈችው። የተናገርኩትን ሰው ሲጽፍልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ጃንዋሪ 28

ግጥም ተሰጠን። የቆየ ነው፤ ማን እንደጻፈው አይታወቅም። የምትናገረው የዓሣ አጥማጅ ሚስት ናት። ባሏ በማዕበል ወጥቶ አልተመለሰም። እሷ ግን ስለ ማዕበሉ አንድ ቃል አትተነፍስም፤ ከላይ እስከ ታች ትነጫነጫለች። ጫማውን ከነጭቃው ምንጣፍ ላይ ይተዋል፣ ቢላዋ ቦታው አይመልስም፣ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባው ቢባል አይሰማም።

ግጥሙ በሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ማሰሪያው የሚመጣው የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። በታትኜ ተነተንኩት፤ ሁሉም በቦታው አለ፣ የተሰበረ ነገር የለም። እኔ ዘንድ ቢመጣ አራት ቦታ እቆርጠው ነበር።

ልጆቹ አንድ በአንድ ስሜታቸውን ተናገሩ። አንዷ አለቀሰች። ምን እንዳስለቀሳት አልገባኝም።

ፌብሩዋሪ 6

ሲ።

ከድርሰቴ ሥር እንዲህ ይላል፦ «ግጥሙ የሚለውን በትክክል ነግረውኛል። የሚያደርገውን ግን አልነገሩኝም። እስከ ማርች አጋማሽ ድረስ እንደገና ጽፈው ማምጣት ይችላሉ።»

ግጥም ምን ያደርጋል? ወረቀት ላይ ይቀመጣል።

ፌብሩዋሪ 8

ዓርብ ስለሆነ ከዴል ኦስትቢ ጋር ዓሣ በላን። ዴል የስፖርት ገጻችን አዘጋጅ ነበር፤ አሁን የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል። ውጤቴን ስነግረው ሹካውን አስቀመጠ።

«ሲ? አንቺ?»

«አትሳቅ።»

«አልሳቅኩም። የሆኪ ዘገባዬን ከግርጌው ቆርጠሽ የጨዋታውን ውጤት ያስቀረሽ ዕለት እኔ ዲ ልሰጥሽ ይገባኝ ነበር።»

«ውጤቱን መጨረሻ ላይ ማን ጻፍ አለህ?»

«ልብ ሰቀላ ይባላል፣ ቨርና።»

«ቦታ አልነበረም።»

«አንቺ ዘንድ መቼ ቦታ ኖሮ ያውቃል?» አለና ሎሚውን ዓሣው ላይ ጨመቀ።

እውነት ነው፣ ከግርጌ ነው የምንቆርጠው። ዋናው ነገር ከላይ ይሁን፤ ገጹ ሲሞላ ታች ያለው ይሄዳል። አራሚው እያነበበ አያለቅስም። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ አሠራር ነው።

ፌብሩዋሪ 19

ግጥሙን በቃሌ ይዤዋለሁ። አይገባኝም። ጣራዬ ላይ በረዶ ተከምሯል። ጭንቅላቴ ውስጥም።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆኜ ሁለት ልጃገረዶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ያቺ ሴትዮ ግጥም ስታነብ የመኪና ኢንሹራንስ ውል የምታነብ ነው የምትመስለው።»

«ተያት። ቢያንስ ኮማችንን ታርምልናለች።»

እስኪወጡ ጠበቅኩ። ኮማ ማረም ስድብ ሆኗል።

ፌብሩዋሪ 25

አይሊ ጊዜ ተጨምሮላት ድርሰቷን ነገ ታስረክባለች። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘኋት፤ ከንፈሯን እየነከሰች ኮምፒውተሯን ታያለች። ስለዚያው ግጥም ነው የጻፈችው።

«ልየው?» አልኳት።

«አይ፣ አይቸገሩ።»

«ምን ችግር አለው፣ ሥራዬ ነው።»

«ኧረ ምንም አይደለም፣ እንዲሁ ይሻለኛል።»

«አምጪው፣ አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም።»

«እንግዲህ ካላስቸገርኩዎ» አለችና ኮምፒውተሩን ወደ እኔ ገፋችው።

ሲጀምር የተዝረከረከ ነበር። ሦስት ገጽ ሙሉ ትደናበራለች፤ አንዱን ሐሳብ ሳትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች። መስመር አስያዝኩት። ረጃጅሞቹን ዓረፍተ ነገሮች ሰባበርኩ፣ ዋናውን ነገር ወደ ላይ አወጣሁ። የመጨረሻው አንቀጽ ስለ እናቷ ነበር። አባቷ ከሥራ ሳይመለስ ያመሸ ዕለት እናቷ ወጥ ቤት ሆና ስትሰድበው አመሸች፤ ስለ ጫማው፣ ስለ ጋራዡ በር፣ ስለማይጨርሰው ሥራ ሁሉ። ስልኩ ይጮኻል፣ አታነሣውም፤ ስድቧን ትቀጥላለች። ልጅቷ የጻፈችው፣ እናቴ ዝም ካለች አባቴ እንደሚሞት ታውቅ ነበር፣ የግጥሙም ሴት እንዲሁ ናት፣ ዓረፍተ ነገሯን የማትጨርሰው ለዚህ ነው የሚል ነው።

የግል ጉዳይ ነው። ደግሞም ግርጌ ላይ ነው። ቆረጥኩት።

ስመልስላት ብዙ አየችው። ወደ ታች ወረደች፣ ተመልሳ ወጣች፣ እንደገና ወረደች።

«በጣም ንጹሕ ሆኗል» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ «ለየት ያለ ነው» አለች።

እኛ አገር ሰው ያልወደደውን ነገር «ለየት ያለ ነው» ብሎ እንደሚያልፈው አላጣሁትም። ግን ምስጋና ነው ብዬ ወሰድኩት።

ማርች 5

ዛሬ የመኪና መውጫዬን በረዶ ስጠርግ ድንገት ገባኝ። አካፋውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሴትየዋ እየነጫነጨች አይደለም። ሰውየውን በሕይወት እያቆየችው ነው። አፏን የዘጋች ዕለት ይሞታል። ስለዚህ አትዘጋም።

ጓንቴን ሳላወልቅ ነው የተቀመጥኩት። በአንድ ጊዜ ጨረስኩት። በመጨረሻው አንቀጽ አንዲት ሴት ወጥ ቤት ውስጥ ስልክ እየጮኸ ሳታነሣ ስትሳደብ አስገባሁ፤ የማንም ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ዓይነት ሴት በየቤቱ አለች። የራሴም እናት ትሳደብ ነበር።

ሰው ዕድሜ ልኩን ካነበበ አንድ ቀን አንድ ነገር ከውስጡ ይወጣል። ከየት መጣ ብሎ መመርመር ሞኝነት ነው።

ማርች 13

ኤ።

ብራንድቮልድ ለክፍሉ አነበበው። ስሜን ጠርቶ፣ ቆሞ፣ ቀስ እያለ። የወጥ ቤቷ ሴት ጋ ሲደርስ ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ቅጂውንም ለሁሉም አደለ፣ እንዲማሩበት። ያ መጀመሪያ ቀን ጓደኛውን በክርኑ የነካው ልጅ ሲወጣ «ወይዘሮ ኬትልሰን፣ ገደሉን እኮ» አለኝ።

አይሊ ዛሬ ከጎኔ አልተቀመጠችም። በሩ አጠገብ ነበረች። ጉንፋን ይዟት ይሆናል፤ ሰሞኑን የማያስነጥስ የለም።

ማርች 20

ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። ካፖርቷን አላወለቀችም።

«ፕሮፌሰር ብራንድቮልድ ጠርቶኝ ነበር። ድርሰቱ የእኔ አይመስልም አለኝ። በክፍል ከምጽፈው ጋር አይገናኝም፣ ሰው ነው የጻፈልሽ አለ። ለኮሚቴ አቅርቦኛል።»

«ምን አልሽው?»

«እርስዎ እንዳዩልኝ ነገርኩት።»

«አይቻለሁ። ማየት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን የኔ ሐሳብ የት አለ ሲለኝ የማሳየው አጣሁ።» ጓንቷን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «የድሮውን አላስቀረሁትም፤ በላዩ ላይ ነው የጻፍንበት። መጨረሻው ላይ የኔ አንቀጽ እንደነበረ ቢነግሩልኝ…»

«እነግረዋለሁ።»

«ጥፋተኛ ካሉኝ ልምምድ አይመድቡኝም።»

«እነግረዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

ስለኔ ድርሰት ምንም አላነሣችም። ማንሣት ብትፈልግ ታነሣ ነበር፤ አፍ አላት። ስለዚህ ያሰበችው ነገር የለም ማለት ነው።

ማርች 22

ለዴል ነገርኩት። ሁሉንም አይደለም፤ ኮሚቴውን ብቻ።

«ልጅቷ እርሚልኝ ብላሽ ነበር?» አለ።

«እሺ ብላለች።»

«እሱን አልጠየቅኩም።»

«ሁለት ጊዜ እምቢ አለች፣ ሦስተኛው ላይ እሺ አለች። ሁላችንም እንዲሁ አይደለን? አንተ ራስህ አሁን ኬኩን ሁለቴ አልፈልግም ብለህ አልበላህም?»

«በልቻለሁ» አለ ዴል። «አልፈለግኩም ነበር እኮ። ሦስተኛውን እምቢ የሚል ሰው እዚህ ክፍለ ግዛት ውስጥ አልተወለደም።»

«ታዲያ እኔ ምን ልወቅ?»

«እሷስ ምን ታድርግ?» አለና አስተናጋጇን በእጁ ጠራ።

ዴል ከጥንትም ጥያቄን በጥያቄ ነው የሚመልሰው። የስፖርት ሰው ነው።

ማርች 27

ብራንድቮልድ ቢሮ ሄድኩ። ልነግረው ነው የሄድኩት። ይህን እዚህ በግልጽ አስቀምጣለሁ።

በሩን ሳንኳኳ ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ። ከዚህ በፊት ሳበልኝ አያውቅም።

«ወይዘሮ ኬትልሰን፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ፈልጌ ነበር። ሰው በዚህ ዕድሜ እንዲህ ሲለወጥ አይቼ አላውቅም። ሐይቁ ዳር ላለው ትልቁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልደግፍዎ አስቤያለሁ፤ እዚያ የሚወስዱት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«አመሰግናለሁ።»

«ያቺ ሐሳብ፣ ዝም ካለች ይሞታል የምትለዋ። ከየት አገኟት?»

መስኮቱ ላይ በረዶ ይቀልጥ ነበር። «በረዶ ስጠርግ» አልኩት።

ሳቀ። «ምነው እኔም በጠረግኩ» አለ። «እርስዎስ፣ ሊነግሩኝ የመጡት ነገር ነበር?»

ሌላ ተማሪ በሩ ላይ ይጠብቅ ነበር። ሰው በሚሰማበት እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም። ሌላ ጊዜ አልኩት።

ኤፕሪል 2

ነገ።

ኤፕሪል 4

ጥርሴን ታምሜ ዋልኩ። ሰኞ እነግረዋለሁ።

ኤፕሪል 11

በረዶ። በኤፕሪል። ኮሌጁ ተዘጋ። ይህ በእኔ አይሳበብም።

ኤፕሪል 17

ኮሚቴው ዛሬ ተሰበሰበ። ሦስት ሰዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የውኃ ጆግ። ብራንድቮልድ ከዳር ተቀምጧል። አይሊ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራለች፤ አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ትመስላለች። እኔን ለምስክርነት ነው የጠሩኝ።

ሰብሳቢዋ ጨዋ ሴት ናት። «በዚህ ድርሰት ላይ የሠሩትን ይንገሩን» አለችኝ።

ነገርኳቸው። ዓረፍተ ነገር አሳጠርኩ፣ ቅደም ተከተል አስተካከልኩ፣ አሳነስኩት። ሙያዬ እንደሆነ ተናገርኩ። ልጅቷ ለማጭበርበር እንዳላሰበች ተናገርኩ፤ ይህንንም ሳልጠየቅ ነው የተናገርኩት። ጥፋት ካለ የኔም አለበት አልኩ። ከዚህ በላይ ሰው ምን ይላል?

ሰብሳቢዋ ወደ አይሊ ዞረች። «እኛን የቸገረን እርማቱ አይደለም። ቋንቋው ቢታረምም ሐሳቡ ያንቺ በሆነ ነበር። እዚህ ወረቀት ላይ ግን ያንቺ የሆነ አንድም ሐሳብ አጣን።»

«መጨረሻው ላይ አንድ አንቀጽ ነበር» አለች አይሊ። «ስለ እናቴ።»

«ምን ይል ነበር?»

አይሊ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ብራንድቮልድን አላየችም፣ ሰብሳቢዋንም አላየችም። ክፍሉ ውስጥ የኔን ድርሰት የማያውቁት ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ብቻ ነበሩ።

«ወይዘሮ ኬትልሰን ያስታውሱታል» አለች።

«ያስታውሱታል?» አለችኝ ሰብሳቢዋ።

ውኃ ቀዳሁ። ጆጉ ከባድ ነበር።

«ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ከግርጌ ስቆርጥ ነው የኖርኩት» አልኩ። «የቆረጥኩትን አላስታውስም። ማስታወስ ቢኖርብን ኖሮ ይህን ሥራ ማንም አይሠራውም ነበር።»

አንደኛው የኮሚቴ አባል ፈገግ አለ። ብራንድቮልድ ጻፍ ጻፍ አደረገ።

«አይሊ፣ ራስሽ ልትነግሪን ትችያለሽ?» አለች ሰብሳቢዋ።

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ድርሰቷን አየች። ከተናገረች የምትናገረው ብራንድቮልድ ቆሞ ያነበበውን ነው፤ ከኔ ቀዳች ይሏታል። ይህ የታየኝ አሁን ስጽፈው ነው። እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ አልታየኝም።

«ተዉት» አለች። «ምንም አይደለም።»

ኤፕሪል 24

ወሰኑ። ለድርሰቱ ዜሮ። ልምምዷ በአንድ ዓመት ተላልፏል፤ ከዓመት በኋላም እንደ አዲስ ታመለክታለች። ዓመቱን እናቷ ዘንድ ሆና ግሮሰሪ ውስጥ ልትሠራ ነው አሉ።

አንድ ዓመት ምንድን ነው? እኔ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው የጀመርኩት። እሷ ገና ሃያዋ ነው። ደግሞስ ራሷ ተዉት አላለችም? ተዉት ሲሉት የሚተው ኮሚቴ ከሆነ፣ ጥፋቱ የኮሚቴው ነው። ብራንድቮልድ ጥሩ አንባቢ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ድርሰቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይጠይቅ ነበር።

ይህን መስመር ልሰርዘው ብዬ ነበር። ይቆይ።

ኤፕሪል 26

ዴል ውሳኔውን ሰምቷል። ከተማው ትንሽ ነው።

«ምን ነበር ከልጅቷ የቆረጥሽው?» አለኝ።

«ትዝ አይለኝም።»

«አንቺን?»

«አዎ፣ እኔን።»

«ቨርና፣ የዚያን የሆኪ ዘገባዬን የመጨረሻ መስመር ንገሪኝ እስቲ።»

«ዴል፣ ዓሣህ ይቀዘቅዛል።»

«ንገሪኝ።»

አልነገርኩትም። አውቀዋለሁ። በረኛው ጓንቱን ለልጁ እንደወረወረለትና ልጁ ሁለቱንም እጆቹን አንዱ ጓንት ውስጥ እንዳስገባ ይላል፤ ውጤቱ የሚመጣው እዚያው መስመር ማብቂያ ላይ ነው። ጥሩ መስመር ነበር። ቦታ አልነበረም።

ዴል ዓሣውን ሳይጨርስ ተነሣ። ኮፍያውን ሲያደርግ «በሚቀጥለው ዓርብ ዕቃ ቆጠራ አለብን» አለ። የቧንቧ ሱቅ በሜይ ምን ዕቃ ይቆጥራል?

ሜይ 3

ዓርብ። ብቻዬን በላሁ።

የምደባ ወረቀቴ መጣ። ሐይቁ ዳር ያለው ትልቁ ትምህርት ቤት ነው። ሰዋስውና ሥነ ጽሑፍ፣ አሥረኛ ክፍል። የግጥሙን ምዕራፍ ተማሪዎቼ እንዲወዱት እንዴት እንደማስተምር ዕቅድ አምጪ ብለውኛል። ተቀምጬ ነበር። ምንም አልጻፍኩም።

ሜይ 10

የመጨረሻው ቀን። የሐይቁ በረዶ ሄዷል፤ መርከቦቹ መግባት ጀምረዋል፣ ጥሩንባቸው እስከ ኮሌጁ ይሰማል።

አይሊ መኪና ማቆሚያው ላይ ዕቃዋን ትጭን ነበር። ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ መኪናዬ ከሷ ቀጥሎ ነው የቆመው። አንድ ሣጥን ከእጇ ተቀብዬ ጫንኩላት። አልከለከለችኝም።

«ምድብዎ መጣ አሉ» አለች። «እንኳን ደስ ያለዎ።»

«አመሰግናለሁ። አንቺም በሚቀጥለው ዓመት…»

«አዎ፣ እናያለን።» የኋላውን በር ዘጋችው፤ አልገጠመም፣ በጭኗ ገፋችው። «ድርሰትዎ ጥሩ ነበር። በተለይ መጨረሻው። እኔ እንደዚያ አሳጥሬ አልጽፈውም ነበር።»

«አመሰግናለሁ» አልኩ። አፌ የለመደውን ነው ያለው።

«የታደለንን ቅጂ ይዤ ሄጄ ለእናቴ አነበብኩላት።»

መርከቡ ሁለት ጊዜ ጮኸ። እስኪያበቃ ሁለታችንም ጠበቅን።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ምንም። ቁጭ አለች። ከዚያ ድገሚልኝ አለች። ሁለተኛውን ስጨርስ ተነሥታ የአባቴን ጫማ ከበሩ ሥር አነሣችው። አራት ዓመት እዚያው ነበር።»

ሞተሩን አስነሣች። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጇን አወዛወዘችልኝ፤ ሰው ለሰው እንደሚያደርገው፣ ምንም ሳታጓድል።

ማን ጻፈው ብላ ጠይቃሽ ይሆን ልላት ፈልጌ ነበር። አልጠየቅኳትም።